ሁለት በር የነበረው ቤተ መዘክር

ቤተ መዘክሩ ሁለት በር ነበረው። የሰሜኑ የወንዶች፣ የደቡቡ የሴቶች። ቤቱን መሃል ለመሃል የሚከፍል የጭቃ ግድግዳ ቆሟል፤ ቁመቱ ከረጅም ሰው ራስ በአንድ ክንድ ይበልጣል፣ ጣሪያው ጋ ግን አይደርስም። መስኮት ያለው በሴቶቹ በኩል ብቻ ነው። በወንዶቹ በኩል ቀኑን ሙሉ ጧፍ ይበራል። ጫማ በሁለቱም በር ይወለቃል።

በ1996 ዓ.ም. መባቻ ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ስህተት አለው ብሎ ያሰበም ሰው አልነበረም።

ቤቱን ያሠራችው ከላሊበላ ወጣ ብሎ፣ ወደ ተራራው በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ደብር ናት። የሠሩት ካህናቱና የደብሩ ገበሬዎች ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያዩት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቤተ መዘክር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ በመካከላቸው አልነበረም። ስለዚህ በሚያውቁት ልክ ሠሩት። ወንዱ በወንዶች በር፣ ሴቷም በሴቶች በር ትግባ አሉ። ዕቃውንም እንደ ርስት አካፈሉት። ዘውዱ፣ የብራና መጻሕፍቱና መስቀሎቹ ለወንዶቹ ደረሱ። ከበሮው፣ ካባዎቹ፣ ጥላዎቹና ሥዕሎቹ ለሴቶቹ።

ሴቶቹን ሴት ታስጎብኛቸው ተባለና ይማርሽ ተቀጠረች። የመሪጌታ ሙሉሃብት ልጅ ናት፤ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ቤት ተቀምጣ የነበረች፣ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት። ማስተዋል ይሆንላታል። አፏ ስለ ካባው ሲያወራ ዓይኗ እንግዳዋን ያጠናል። የቱ ጋ እንደቆመች፣ የቱን ሳታይ እንዳለፈች፣ የቱ ጋ ስትደርስ ትንፋሿ እንደረዘመ።

በኅዳር አንድ ጠዋት፣ ለሁለት እናቶች ስለ ከበሮው ስታስረዳ ከግድግዳው ማዶ አዲስ ድምፅ ሰማች። የቀድሞው አስጎብኚ አርጅተው ቤታቸው ከገቡ ገና ሳምንት አልሞላቸውም። እሳቸው ሲናገሩ ቤቱ ያስተጋባ ነበር። ይህኛው ግን ሕፃን አጠገቡ የተኛ ይመስል ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው።

«ዘውዱን ልብ ብላችሁ እዩት» ይላል። «ጫፉ ላይ ርግቦች አሉ። ጧፉን ጠጋ ሳደርገው ክንፋቸው የሚንቀሳቀስ ይመስላል... አያችሁ?»

ይማርሽ ከበሮውን ረሳችው።

«ምነው ልጄ፣ ቃል አለቀብሽ?» አለቻት አንደኛዋ እናት።

«አይ እማማ... የት ደርሼ ነበር?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? አስጎብኚዋ አንቺ!»

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ድምፁ ወደ እርሷ ዞረ።

«እህቴ... እዚያ ማዶ ያለሽው። ጧፌ ጠፋብኝ። ክብሪት ይኖርሻል?»

«አለኝ።»

«በየት በኩል ላግኘው?»

ሁለቱም በየበራቸው ወጥተው ግቢው ላይ መቀባበል ይችሉ ነበር። ይማርሽ ግን ምን እንደነካት ሳታውቅ ክብሪቱን በግድግዳው አናት ላይ ወረወረችው። ኳ የሚል ድምፅ ተሰማ።

«አገኘኸው?» አለች።

«እሱ ነው ያገኘኝ። ግንባሬን።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። በሩን ዘግታ ስትወጣ ግቢው ውስጥ ቆሞ ጠበቃት። ቀጭን ነው፤ ነጭ ጋቢ ለብሷል፤ ዓይኖቹ ከጨለማ ወጥተው ብርሃኑን ገና አልለመዱትም።

«ደሳለ እባላለሁ» አለ። «የፍላቂት ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ግን እዚህ ቅኔ ቤት ነው። ክብሪትሽ ይኸው።»

«ይማርሽ እባላለሁ። ያዘው፤ ነገም ያስፈልግሃል።»

«ነገማ ተጠንቅቄ ነው የምጠይቅሽ።»

«ነገማ እጅህን ወደ ላይ ዘርግተህ ትጠብቃለህ» አለችውና ፊቷን ሳታዞር ሄደች። ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ ብቻዋን ፈገግ ስትል ራሷን ያዘችው።

ከዚያ ወዲያ ግድግዳው የጨዋታቸው ቦታ ሆነ። እንግዳ ሲገባ ሁለቱም በየፊናቸው ያስጎበኛሉ። እንግዳው ሲወጣ ደግሞ እሱ አንድ ጥያቄ ይጠይቃታል።

«ዛሬ ብርሃኑ የት ደርሷል?»

በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ስለምታልፍ ብርሃኗ በመስኮቱ ገብቶ እስከ ግድግዳው ሥር ይዘልቃል። ከበሮውን ነክቶ፣ ካባዎቹን አልፎ፣ ሥዕሎቹ ላይ ደርሶ ይጠፋል። ይማርሽ መንገዱን ታውቀዋለች።

«ከበሮው ጋ ነው» ትለዋለች።

«አሁንስ?»

«ካባው ላይ ወጣ። ወርቀ ዘቦው እየነደደ ነው።»

«ከካባው የሚንጸባረቀው ጣሪያችን ላይ ይደርሳል። ይንቀጠቀጣል። እጅሽን አሳልፊበት እስቲ...»

ይማርሽ እጇን በብርሃኑ ውስጥ ቀስ አድርጋ አሳለፈች።

«አየሁሽ» አለ።

እጇን ሳታወርድ ቆየች። ካባው ሞቋል። ከማዶ የጧፉ ሽታ ይመጣል። ድምፁ ሲቆም ትንፋሹን የምትሰማ ይመስላታል፤ ግን ግድግዳው ወፍራም ነው፣ አይሰማም።

እሷ ዘውዱን አይታው አታውቅም። እሱም ካባዎቹን። በሩን የሚዘጋባቸው አልነበረም፤ ቤቱ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት በወንዶቹ በር መግባት ትችል ነበር። ግን ሁለቱም ደጀ ሰላም ውስጥ ነው ያደጉት። እግራቸው የት እንደሚቆም ከሕፃንነታቸው ያውቃል። ስለዚህ እሱ ዘውዱን በቃል ሣለላት፤ እሷም ካባዎቹን አንድ በአንድ፣ ጥልፉን፣ ዘርፉን፣ ማን እንደሰጣቸው ሳይቀር አወራችለት።

ገና ደረሰ። ምዕመኑ ከየአውራጃው ሌሊቱን ሁሉ እየተጓዘ ይመጣል። የደብሩ ሴቶች እንደ አገሩ ልማድ የመንገደኛውን እግር አጥበው፣ ያረፈውን ወደ ቤተ መዘክሩ ይልኩታል። ከመጡት መካከል አያ ደግሰውና ሚስታቸው እማማ ሸጌ ነበሩ፤ የሙጃ ገበሬዎች፣ አብረው ያረጁ። በር ላይ ተለያዩ። አያ ደግሰው በሰሜኑ፣ እማማ ሸጌ በደቡቡ ገቡ። ሲወጡ ግቢው ውስጥ ክርክር ገጠሙ።

«ዘውዱን አየሽው?» አሉ አያ ደግሰው።

«የምን ዘውድ?»

«ርግብ ያለበት፣ ወርቅ የመሰለ!»

«ቤቱን ዞሬ አይቼዋለሁ። ዘውድ የሚባል የለም።»

«አንቺ ሰው፣ በዓይኔ በብሌኑ ነው ያየሁት።»

«ዓይንህማ ባለፈው በሬህን የሰው ነው ብሎ ገበያ ላይ ትቶት መጥቷል።»

ይማርሽ ደጃፉ ላይ ቆማ ሳቋን ዋጠች።

«እሺ፣ ከበሮውስ? ሰው የሚያህለው ከበሮ?» አሉ እማማ ሸጌ።

«ከበሮ አላየሁም። የኔው በኩል ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። አንድ ጧፍ፣ አንድ ልጅ። ልጁ ደኅና ይናገራል፤ ግን ዓይኔ ደከመና ወጣሁ።»

እማማ ሸጌ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ንግግራቸው ቀዘቀዘ።

«ከሙጃ እስከዚህ አብረን በእግራችን መጥተን በር ላይ ይለያዩናል። አንተ ያየኸውን እኔ አላየሁ፣ እኔ ያየሁትን አንተ አታምን። ታዲያ ቤት ስንገባ ምን እናወራለን? ለከርሞ ቤተ ክርስቲያኑን ስመን እንመለስ። እዚህ አንደርስም።»

ይህ ነገር ይማርሽን ተከትሏት ዋለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት እንግዶቿን በዚህ ዓይን ታይ ጀመር። ብቻዋን የመጣች ሴት ትቆያለች። ከባሏ ጋር የመጣች ግን ከሥዕሉ ይልቅ ግድግዳውን ታያለች፤ ባልየው ከጨለማው ቶሎ ስለሚወጣ ግቢ ውስጥ ሲያስል ትሰማና የቀረውን ሳታይ ትሮጣለች። አንድ ጊዜ ሁለት ፈረንጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው መጡ፤ ተለያይታችሁ ግቡ ሲባሉ ተያዩና በመጡበት ተመለሱ። ተመልሶ የመጣ ሰው ግን አላየችም።

እሷም ራሷ ግድግዳውን ስታይ ነው የምትውለው። ይህን ያወቀችው ኋላ ነው።

ከፋሲካ በኋላ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ተሰበሰበ፤ ሁለቱ አስጎብኚዎችም ተጠሩ። ሰብሳቢው መምሬ አረጋ ቤቱን ካሠሩት አንዱ ናቸው፤ ቁጡ ይመስላሉ እንጂ ሆደ ቡቡ ናቸው።

«ሰው አንድ ጊዜ ይመጣል፣ አይደግምም» አሉ። «እንዲህ ከሆነ ዕቃው ወደ ዕቃ ቤቱ ይመለስ፤ ቤቱ እህል ይቀመጥበት። ሐሳብ ያለው ይናገር።»

ይማርሽ ተነሣች። ለደሳለ ቀድማ አልነገረችውም። ድንገት ስትናገረው ፊቱ ሲበራ ማየት ፈልጋ ነበር።

«አባታችን፣ ግድግዳው ይፍረስ» አለች። «ባልና ሚስት አብረው ይዩ። ዘውዱም ብርሃን ያግኝ።»

ካህናቱ አጉረመረሙ። መምሬ አረጋ ወደ ደሳለ ዞሩ።

«አንተስ ምን ትላለህ? በዚያ በኩል የምትውለው አንተ ነህ።»

ደሳለ ከተቀመጠበት ተነሣ። ይማርሽ ጣቶቿን አቆላለፈች።

«ይቆይ» አለ።

«ለምን?»

«እንደተሠራ ይቆይ፣ አባታችን።»

ሐሳቧ እዚያው ወደቀ። ይማርሽ ማንንም ሳታይ ወጣች። አንድ ግድግዳ አፍርሶ አጠገቧ መቆም የማይፈልግ ሰው እንዴት «አየሁሽ» ይላል? በማግስቱ ከማዶ ጠራት።

«ይማርሽ...»

ካባ ማጠፏን ቀጠለች።

«ይማርሽ፣ ብርሃኑ የት ደረሰ?»

አልመለሰችም። ግቢው ውስጥ ሲጠብቃት ፊቷን አዙራ አለፈች። ሳምንት እንዲህ ጠራት፤ ከዚያ መጥራቱን ተወ።

ክረምት ገባ። በክረምት ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምታልፍ በመስኮቱ የሚገባው ጉም ብቻ ነው። የላስታ ጉም በሐምሌ ከገደሉ ሥር ይነሣና ቤቱ ውስጥ እንደ እንግዳ ገብቶ ከበሮው አጠገብ ይቆማል። ይማርሽ ትኩር ብላ ታየዋለች። ሳትነካው ይሄዳል። አንዳንዴ ሁሉንም በሕልሟ ያየችው ይመስላታል፤ ድምፁንም፣ በጣሪያው ላይ የሚንቀጠቀጠውንም ብርሃን።

ጋሸና ምግብ ቤት ያላት አክስቷ ዓይናዲስ «ነይ፣ አብረሽኝ ሥሪ» ብላ ከላከችባት ቆይታለች። በነሐሴ እሺ አለች። ለአባቷ ነገረች፤ ልብሷን አጠበች። የመጨረሻዋ ቀን ላይ ግን አንድ ነገር ቀረባት። ዘውዱን ሳታየው ልትሄድ ነው።

በሩን ዘግታ ቤቱን ዞረች። በሰሜኑ በር ፊት ጫማዋን አወለቀች። እግሯ ደፉ ላይ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ገባች።

ደሳለ ጧፍ ይዞ ቆሟል። ሲያያት ጧፉን ዝቅ አደረገ፣ መልሶ ከፍ አደረገ።

«በወንዶች በር ገባሁ» አለች። «የሚቆጣ ካለ ይቆጣ። ነገ የለሁም።»

«የለሁም ማለት?»

«ጋሸና እሄዳለሁ፣ አክስቴ ጋ። ዘውዱን አሳየኝ።»

መንገደኛ እንደገባ ሁሉ ወደ ዘውዱ መራት። «ጫፉ ላይ ርግቦች አሉ» አለ። «ጧፉን ጠጋ ሳደርገው ክንፋቸው...» ጧፉን ጠጋ አደረገና ርግቦቹ እውነትም የሚበሩ መሰሉ።

ይማርሽ ዙሪያዋን አየች። ከጧፉ አንድ ክንድ ራቅ ሲባል ምንም አይታይም። ወለሉ እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛል።

«በዚህ ጨለማ ነው የምትውለው?»

«ያንቺ ብርሃን ሲተርፍ ይደርሰኛል።»

«ታዲያ ለምን ይቆይ አልክ? ከእኔ ጋር አንድ ቤት መዋል ካልፈለግህ...»

«ይማርሽ» አለ ቀስ ብሎ። «ግድግዳው ከፈረሰ ለዚህ ቤት ስንት ሰው ይበቃዋል?»

አሰበች።

«አንድ» አለ እሱ። «አንቺ የተቀጠርሽው ሴቶቹ ለብቻ ስለሚገቡ ነው። መለያየቱ ሲቀር በሥራው የሚያቆዩት ወንዱን ነው። ይህን እዚያ ጉባኤ ፊት ባነሣ ያላሰቡትን ማሳሰብ ነው። ሌላ የምለው አጣሁ፤ ይቆይ አልኩ።»

«ኋላ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሳምንት ሙሉ ማንን ስጠራ ነበር?»

ይማርሽ አቀረቀረች።

«ግቢው ላይ ፊትሽን ስታዞሪብኝ ደግሞ እግሬ ወደ አንቺ አልሄድ አለኝ» አለ። «ጨለማውን ለምጄዋለሁ። ድምፅሽ ከዚያ ማዶ ከጠፋ ግን... እዚህ ምን አለኝ?»

ጧፉ እያለቀ ነበር። ይማርሽ እጇን ዘርግታ ከእጁ ወሰደችው። ጣቶቻቸው ተነካኩ።

«እኔ ግን አልለምደውም» አለች። «እማማ ሸጌ ከሙጃ አብረው መጥተው ተለያይተው ገቡ። አንመጣም ብለው ሄዱ። እኔ እንድቆይ ብለህ ሰዉን ሁሉ አትለያይ። ይፍረስ።»

«አንቺስ?»

«እኔ መንገድ አላጣም።»

«እንግዲያው የምወጣው እኔ ነኝ።»

«አንተ ብትወጣ እኔን ያቆዩኛል?»

«እንጠይቃቸዋ» አለ።

መምሬ አረጋ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ዳዊታቸውን ይደግሙ ነበር። ሁለቱ ተያይዘው ሲመጡ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«አባታችን፣ ግድግዳው ይፍረስ» አለች ይማርሽ። «አንድ ሰው ከበቃ እኔ እወጣለሁ።»

«የለም አባታችን፣ የምወጣው እኔ ነኝ» አለ ደሳለ።

«ይቆይ ያልከው አንተ አይደለህ?»

«እሷን እንዳታስወጧት ነው።»

መምሬ አረጋ አንዱን አዩ፣ ሌላዋን አዩ።

«ሁለታችሁም ስትወጡ ፈረንጁን እኔ ላስጎብኘው? ‹ሄሎ› ካልኩት በኋላ ምን እለዋለሁ?» ከዚያ ፊታቸው ከበደ። «ደግሞስ በንዋየ ቅድሳት ፊት ወንድና ሴት ተቀላቅሎ...»

«ታቦት የለበትም እኮ አባታችን» አለች ይማርሽ። «መቅደስ አይደለም። ጫማው ይውለቅ፣ ድምፅ ዝቅ ይበል። ባልና ሚስት ግን አንድ ላይ ቆመው ይዩ።»

ሽማግሌው ዳዊታቸውን ዘጉ።

«ስንሠራው ሌላ የቤት አሠራር አላወቅንም» አሉ በመጨረሻ። «እሺ። መስቀል ሲያልፍ ይፍረስ። እስከ ገና ሁለታችሁም ቆዩ፤ ሰዉን እናያለን። ከገና በኋላ ግን አንዳችሁ ትሄዳላችሁ። ደብሩ ያለ ሥራ ሰው ማቆየት አይችልም።»

ይማርሽ ለአክስቷ «ከገና በኋላ» ብላ ላከችባት።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ገበሬዎቹ ዶማ ይዘው መጡ። ዕቃው ወጥቶ፣ ደረቁ ጭቃ እየተገመሰ ወደቀ። ቤቱ በአቧራ ተሞላ። አቧራው ሲረጋ በመስኮቱ የገባው ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሜኑን ግድግዳ ነካ። ደሳለ ጧፍ ሳይዝ ቆሞ ዓይኖቹን አጠበበ። ከዚያም ማዶ ላይ ይማርሽን አያት። በመካከላቸው ባዶ ወለል ብቻ ነበር።

«ብርሃኑ የት ደረሰ?» አለችው።

«እኔ ጋ» አለ።

ሳምንቱን ሙሉ ዕቃ ሲያስቀምጡ፣ መልሰው ሲያነሡ ሰነበቱ። ብርሃኑን ተከትለው አደላደሉት። መስቀሎቹ ጠዋት፣ ዘውዱ ቀትር ላይ፣ ካባዎቹ ከሰዓት እንዲበራላቸው። ብራናዎቹና ሥዕሎቹ ፀሐይ እንዳትጎዳቸው ጥግ ያዙ። ቀዝቃዛው ወለል ላይ ሰሌን ተነጠፈ። ከግድግዳው ከወጣው አጣና አግዳሚ ተሠራና ለደከመው መሃል ላይ ተቀመጠ። የደቡቡ በር መግቢያ፣ የሰሜኑ መውጫ ሆነ። ሙጃ ለሚሄድ ገበያተኛ ሁሉ ደግሞ ለአያ ደግሰውና ለእማማ ሸጌ «ግድግዳው ፈርሷል፤ አብራችሁ ኑ» የሚል መልእክት ሰጡ።

መጡም። በገና ማግስት፣ አራት ጎረቤት አስከትለው።

እማማ ሸጌ ዘውዱ ፊት ቆሙ። ፀሐይ አርፋበታለች። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጫፉን አዩ።

«አላልኩሽም?» አሉ አያ ደግሰው።

«ብለኸኛል። ርግብ ነው ያልከው፣ ዶሮ ነው የሚመስለው።»

«ርግብ ነው!»

«እሺ፣ ርግብ ይሁንልህ። ና ከበሮውን ላሳይህ።»

ከበሮው ሥር ቆመው ተከራከሩ፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ተስማሙ። ጎረቤቶቻቸውም አልወጡ። የኋለኛው ሰው ሲገባ የፊተኛው ገና እዚያው ነው። ሰልፉ ግቢውን አልፎ መንገድ ላይ ወጣ።

መምሬ አረጋ ይህን ሲያዩ ይማርሽን ጠሩ።

«አንቺ ትንሽ ዕረፊ። እሱ ብቻውን ይሞክረው፤ ይበቃ እንደሆነ ልይ።»

የፈሩት ነገር መጣ። ይማርሽ በሩ አጠገብ ቆመች። ደሳለ ስለ ዘውዱ ተናግሮ ወደ ካባዎቹ ተሻገረ። እነሱን በዓይኑ ካያቸው ገና ሦስት ወሩ ነው።

«ይህንን ካባ የለገሰችው አንዲት ባልቴት ናት» አለ ለሕዝቡ። «ጥልፉን ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት አንዱ ጠርዝ ከሌላው ይለያል። እጇ ሲደክም ልጇ ቀጠለችው። ብርሃን ሲያርፍበት ግን የማን እጅ እንደሆነ አይታወቅም...»

ቃል በቃል የይማርሽ ነበር። ከግድግዳው ማዶ ሆና ያወራችለትን ሁሉ፣ የምትቆምበት ላይ ቆሞ፣ የምትፈጥንበት ላይ ፈጥኖ ይለዋል። ዓይኗ እንባ ሞላ። ቢበቃ ይብቃ፤ የተናገረችው አንዲት ነገር እንኳ አልወደቀችም።

ደሳለ ጨርሶ ወደ ሥዕሎቹ ሲያልፍ ግን ሴቶቹ ካባው ጋ ቀሩ። የጥልፉን ነገር ይጠይቃሉ። ዘውዱ ጋ ያሉት ወንዶች ተመለስልን ይሉታል። አያ ደግሰው አግዳሚው ላይ ሆነው ለማያውቁት ሰው ስለ ርግቦቹ እያስረዱ ነው። ደጅ ያለው ሰልፍ እየረዘመ ሄደ፤ አንዲት ሴትዮ «ወይ አስገቡን ወይ አስወጧቸው» አለች።

መምሬ አረጋ በጣታቸው ይማርሽን ጠሯት።

«ግቢ» አሉ።

«አባታችን?»

«አንድ ሰው ይበቃል ያልኩት ሰዉ ቶሎ ሲወጣ ነው። አሁን ማን ይወጣል? ግቢና ሴቶቹን መልሽላቸው። አንቺም እሱም ትቆያላችሁ።»

ይማርሽ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ካባው ጋ ስትደርስ ደሳለ ከሕዝቡ መካከል አያት።

አመሻሹ ላይ መምሬ አረጋ ቁልፉን ሲቀበሉት ደሳለ አልሄደም።

«አባታችን፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ።»

«ምን?»

«መሪጌታ ሙሉሃብት ዘንድ ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ።»

«ጠይቀሃታል?»

«አሁን ልጠይቃት ነው።» ወደ ይማርሽ ዞረ። ጆሮው ቀልቷል። «ይማርሽ... ስንት ወር በግድግዳ ማዶ ለማዶ አወራን። ያለ ግድግዳ ሲሆን ቃል ይጠፋኛል። አብረሽኝ ትኖሪያለሽ?»

ይማርሽ አየችው። ዓይኖቹ ብርሃኑን ለምደውታል።

«እኖራለሁ» አለች። «ክብሪት ግን ለራስህ ያዝ።»

መምሬ አረጋ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። «ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። መሪጌታም እንዳይከራከሩኝ ልጃቸውን ሥራ አላስፈታኋትም» አሉ።

መሪጌታ ሙሉሃብት አልተከራከሩም። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሆነ። አክስት ዓይናዲስ ከጋሸና መጥታ ወጡን ሠራች፤ ረዳት የቀረችባት በዚህ ደግ ምክንያት ስለሆነ ይቅር አለች።

ከዚያ ወዲያ ይማርሽ መግቢያው በር ላይ ቆማ እንግዳውን ሁሉ «ከዚህ በፊት መጥታችኋል?» ብላ ትጠይቅ ጀመር። በ1998 ዓ.ም. ገና ከገቡት ሰዎች ሲሶው «አዎ» አሉ፤ ከባልና ሚስቶቹም ለየብቻ የወጣ አልነበረም።